ቴሌቪዥን ያሳየን ቀለም

ፒያሳ ልብስ ሰፊ ሆኜ ስኖር፣ የአገሩ መሪ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ጋዜጣ አላስፈለገኝም። ልብሱን ማየት ይበቃኝ ነበር። የወታደር ልብስ ከለበሰ ቁጣ አለ ማለት ነው፤ ክራቫት ካሰረ የውጭ እንግዳ መጥቷል። አንድ ቀን ታዲያ ማዕረጉን ሁሉ አውልቆ፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ ባለ አራት ኪስ ኮት ለብሶ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። «እኔም እንደናንተው ላብ አደር ነኝ» ማለቱ ነው። ላብ አደሩ እንደዚያ ያለ ኮት ባይኖረውም፣ ይሁን።

በማግስቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሱቄ ገባ።

«ጓድ፣ ቁርጥ የትናንቱን ኮት ትሰፋልኛለህ። ለአብዮቱ በዓል ስብሰባ ነው፤ መሪያችን ራሳቸው ይገኛሉ። ካበላሸህ ግን ሱቋ የቀበሌ መሆኗን እንዳትረሳ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ከዚያች ሱቅ ሌላ መግቢያ አልነበረኝም።

ችግሩ ቀለሙ ነው። ያኔ ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ቆሜ ያየሁት ኮት ግራጫ ነው። ባለቤቴ ግን አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረችና፣ መሪው ያንኑ ኮት ለብሶ ከመኪና ሲወርድ በመስኮት አይታዋለች።

«ሰማያዊ ነው» አለችኝ።

«አገር ያየውን አንቺ ልታርሚ ነው?» ብዬ ገላመጥኳት። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ! ግራጫውን ሱፍ ቆረጥኩት። ስፌቱ መቼም፣ ሐቁን ልናገር፣ እንከን አይወጣለትም።

የስብሰባው ዕለት መሪው በመኪና በፒያሳ ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሰማያዊ! ጉድ ፈላ አልኩ። ሊቀመንበሩ ግራጫውን ለብሶ ከሄደ ሰዓት አልፏል። ሱቄን በጊዜ ቆልፌ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ሰማያዊ ነበር እኮ!»

«አየሁ» አልኩት።

«አዳራሹ ሙሉ ግራጫ! ሁሉም እንደኔ ከቴሌቪዥን ነው ያሰፋው። አንድ ሰውዬ ብቻ ሰማያዊ ለብሶ መጣ፤ ከመሪው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት። አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ‹ይሄ ደግሞ ምን አስቦ ነው?› እየተባለ ተጠቋቆሙበት። ኮቱን አውልቆ፣ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ዋለ።»

ከዚያ ኮሌታውን ዳሰስ አድርጎ፣ ካድሬነቱን ረስቶ፣ «እጅህን ይባርከው» አለኝ።

ለምሳ ቤት የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

«አየሽ? ግራጫው ነው ልክ!» አልኳት ባለቤቴን፣ የአዳራሹን ወሬ አንድ ሳላስቀር ነግሬ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ያኔ ነው የገባኝ።

«ተሳስተሃል» አለችኝ። «እንኳንም ተሳሳትክ።»