ብርበራ በግሪክኛ

የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ እንማር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን «ዲያርፓዞ» የሚለውን ግስ ከነታሪኩ ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። አስቀድሞ ኃይለኛውን ሳያስር ቤቱን የሚበዘብዝ የለም በሚለው የወንጌል ቃል ውስጥ ያለው «መበዝበዝ» ይኸው ነው። እኔ መምህሬን ለማስደሰት ብዬ ከመዝገበ ቃላት መገልበጡ አልበቃኝም። ጉለሌ፣ ከቤታችን አጥር ወዲያ ወደሚኖሩት የቅኔ መምህር ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል።

የኔታ በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ፈቱ። በወጣትነታቸው ከመምህራቸው አፍ እየሰሙ የግእዝ ግሶችን ከነፍቺያቸው የጻፉበት ነው።

«ግእዙ በርበረ ይላል፤ ዘረፈ ማለት ነው» አሉኝ። «አማርኛ ወስዶ ፈተሸ አደረገው። ልዩነቱን እንግዲህ ዕቃው ያልተመለሰለትን ሰው ጠይቅ።»

የግሪኩ ሥር «ሃርፓዞ» ተኩላ በግ ሲነጥቅም፣ ሐዋርያው ወደ ሦስተኛው ሰማይ ሲነጠቅም እንደሚነገር ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።

«የእኛም የግእዙ መሠጠ፣ ነጠቀ ማለት፣ እንደዚያው ነው፤ ተኩላም ይመሥጣል፣ መንፈስም ይመሥጣል። አንተ ተመስጦ ከየት የመጣ መስሎሃል?»

ሁሉንም በጥንቃቄ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቤታችንን ሊፈትሹ መጡ። ያን ጊዜ መሣሪያና ወረቀት ይፈለግ ነበር። አንደኛው ደብተሬን ገለጠ።

«ይሄ የጉንዳን ሰልፍ ምንድን ነው?»

«ግሪክኛ ነው፣ ጓድ።»

«ምን ይላል?»

በትክክል መመለስ ፈለግኩ። «እ... ብርበራ ይላል።»

ጓደኛው ሳቀ። «ሰማህ? በግሪክኛም ሲጠብቁን ነበር!»

ደብተሩን የያዘው ግን አልሳቀም። ከሥሩ በአማርኛ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አስቀድሞ ኃይለኛውን ማሰር...» ቀና አለ። «ኃይለኛው ማነው? ማንን ልታስሩ ነው?»

«ወንጌል ነው፣ ጓድ። ማለቴ... ጎረቤታችንን የኔታን ይጠይቋቸው። ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ደብተርም አላቸው።»

ስለ ደብተሩ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ወዲያው ወደ የኔታ ቤት ተሻገሩ። እሳቸውን አልነኳቸውም። ደብተሩን ግን ከነጨርቁ «ለምርመራ» ብለው ወሰዱት። የኔታ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቀበሌ እየሄድኩ ጠየቅኩ። መጀመሪያ «እየተመረመረ ነው» ይሉኝ ነበር። በኋላ «የምን ደብተር?» አሉኝ። የኮሌጁ መምህሬ ግን ጽሑፌን በጣም ወደዱት፤ ለክፍሉ ሁሉ አነበቡት። ለየኔታ ይህን አልነገርኳቸውም።

አዲስ ደብተር ገዝቼ ሄድኩና «ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ግሱን ከነፍቺው ይጠሩልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

«እሱን ዝለለው፣ ልጄ። ቦታ ተውለት፤ ይመጣል።»

ቦታ እየተውኩ ጻፍኩ። የኔታ ካረፉ በኋላ ደብተሩ እኔ ዘንድ ቀረ። በርበረም መሠጠም በየቦታቸው አሉ፤ እነሱን አስቀድሜ ከኮሌጅ ደብተሬ ገልብጫቸው ነበር። የተውኳቸው ክፍት መስመሮች ግን አሁንም ክፍት ናቸው።