በቀይ እስክሪብቶ የተፈታች

ወለተሐና ወልደኪዳን በሠላሳ አምስት ዓመቷ የልጆች መጽሐፍ ታነባለች ብለው የሚስቁባት ሰዎች አልጠፉም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከጨርቁ ሥር መጽሐፍ ይወጣል፤ ሁልጊዜም የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ከቤት የጠፋ ልጅ፣ ከጓደኛዋ የተጣላች ልጃገረድ፣ ፈተና የወደቀ ጎረምሳ የማይጠፋበት ዓይነት።

«አንቺ ሴትዮ፣ መቼ ነው የምታድጊው?» ይላታል ባለሱቁ።

«እድገቴን አንኮበር ትቼው ነው የመጣሁት» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

ይህን አመል ያስያዛት ሰይፈሥላሴ ነው። ሰይፈሥላሴ ከመናኸሪያው ማዶ መጽሐፍ ያከራያል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በቴሌግራም «የንባብ ቻሌንጅ» ያውጃል፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ሃያ አራት የወጣቶች ልብ ወለድ ማንበብ። ያነበበ ሰው ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ በደብተር አንድ ገጽ ይጽፋል። ታሪኩን መድገም አይፈቀድም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ይህ መጽሐፍ ከራስህ ሕይወት የቱን ነካው? ደብተሩ ወር ሲያልቅ ለሰይፈሥላሴ ይሰጣል፤ እሱም አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ሦስት ቃል ጣል አድርጎበት ይመልሳል።

ወለተሐና በገባችበት በመጀመሪያው ዓመት እስከ ስድስተኛው መጽሐፍ ድረስ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለማይረባው የቀድሞ ባሏ ጻፈች። ሰባተኛው መጽሐፍ ስለ ሁለት እኅትማማቾች ነበር። እሱን ስትጨርስ ሃያ ዓመት ሆዷ ውስጥ የቋጠረችውን ነገር ጻፈችው፤ አንድ ገጽ አልበቃት ብሎ አራት ሞላች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው የሞተች ጊዜ ወለተሐና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ጠጉሯን የሠራቻት፣ አቅፋ ያስተኛቻት፣ ስታለቅስ ንፍጧን የጠረገችላት ታላቋ በሰለች ናት። በሰለች ትምህርቷን ከቤቱ ሥራ ጋር እየታገለች አሥረኛ ክፍል ጨረሰች፤ አስተማሪ መሆን ነበር ሐሳቧ። ኅዳር ላይ ለመምህራን ማሠልጠኛ የተመረጡ ሰዎች ስም ጎረቤላ ከተማ ተለጠፈ ተባለ። በዚያ ቀን ቤታቸው የባቄላ አጨዳ ደቦ ነበርና በሰለች ለደቦተኛው ወጥ እየሠራች መንቀሳቀስ አልቻለችም። የአሥራ አራት ዓመቷን ወለተሐናን ጠርታ፣ የራሷን አዲስ ኮንጎ ጫማ አጥልቃላት ላከቻት።

ወለተሐና እግሯ ጫማው ውስጥ እየዋኘ ጎረቤላ ወረደች። ዝርዝሩን አየች። በሰለች ወልደኪዳን፣ ከላይ ሦስተኛ። መጀመሪያ ደስ አላት። ስትመለስ ግን ዳገቱ መሐል ላይ፣ ዛሬ ማታ ከማን ጋር እተኛለሁ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ነገስ፣ ከነገ ወዲያስ? ቤት ስትደርስ በሰለች ማማሰያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት።

«የለሽም» አለች ወለተሐና።

በሰለች ወጡን ማማሰል ቀጠለች። የቄስ ልጅ ትዋሻለች ብሎ የጠረጠረ የለም፤ ሄዶ ያረጋገጠም የለም። የምዝገባው ቀን አለፈ። ከፋሲካ በኋላ በሰለች ለኃይለኢየሱስ ተዳረች። ደግ ገበሬ ነው፣ በእሱ የሚወራ ክፉ ነገር የለም። ግን በሰለች እስከ ዛሬ «እኔ ራሴ ደንቆሮ ነኝ፣ ትምህርት አልገባ ብሎኝ ነው» እያለች ታወራለች፤ ወለተሐና ይህን በሰማች ቁጥር ወሬ ትቀይራለች።

ለምን ለነፍስ አባቷ አልነገረችም? የነፍስ አባቷ የአባቷ የቄስ ወልደኪዳን ደቀ መዝሙር ናቸው፤ በሰለችንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። አፈረች። ታዲያ ለአንድ መጽሐፍ አከራይ ጻፈች?

አዎ፣ ጻፈች። ደብተሩ ሲመለስላት ከአራተኛው ገጽ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ እትዬ» የሚል ተጽፎበት አገኘች። እዚያው መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ወለተሐና ያደገችው ይህ ቃል ምን እንደሆነ በሚያውቅ ቤት ነው። የአባቷ የንስሐ ልጆች ፊታቸው ጠቁሮ ይመጣሉ፤ ጓዳ ውስጥ ሹክ ሹክ ይባላል፤ መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚለው ብቻ ከፍ ብሎ ይሰማል። ቄስ ወልደኪዳን ከጓዳ ወጥተው ምሳቸውን ሲበሉ ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት። የአገሩን ሁሉ ጉድ ይዘው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ። ስለዚህ ወለተሐና ያቺን ቀይ መስመር ስታነብ ነገሩ ተቆለፈ አለች በልቧ። ማንም ያልማለላትን መሐላ አመነች። ሰይፈሥላሴ ግን ቃሉን የጻፈው ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» እንደሚባለው ነው።

ቀለል ሲላት የበደለችውን ለመካስ አሰበች። በሚቀጥለው መስከረም በሰለችን በቻሌንጁ አስመዘገበቻት። በሰለች ቅዳሜ ቅዳሜ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ይዛ ለገበያ ስትመጣ ከወለተሐና በረንዳ ታርፋለች፤ ስትመለስ ዘምቢሏ ውስጥ መጽሐፍ አለ። መጀመሪያ ሳቀች። በሦስተኛው ወር ግን መጽሐፉን ከጨውና ከስኳሩ በፊት መጠየቅ ጀመረች። ደብተሯ ላይ የምትጽፈው አጭር ነበር፦ «ከኔ ሕይወት ምንም አልነካም። ልጅቷ ግን አሳዘነችኝ።» ሃያ አራቱንም ጨረሰች። ወለተሐና እኅቷ መጽሐፍ ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታነብ ባየች ቁጥር ዕዳዬ ቀነሰ ትላለች። ነገሩ ከታወቀ ግን ይህ ሁሉ ቅዳሜ ገደል እንደሚገባ ታውቅ ነበር።

ጳጉሜን ሁለት ቀን የመዝጊያው ዝግጅት ተደረገ። በሰለች ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከአንኮበር መጣች፤ የምስክር ወረቀቷን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሰይፈሥላሴ ደግሞ ለሁላችሁም ስጦታ አለኝ አለ። መጽሐፍ ጽፎ አሳትሞ ነበር፤ የወጣቶች ልብ ወለድ። ለጨረሱት ሁሉ አንዳንድ በነፃ አደለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ወለተሐናም አብራ አጨበጨበች፣ እንዲያውም ከሁሉ ቀድማ። በሰለች መጽሐፉን ከምስክር ወረቀቷ ጋር በነጠላዋ ጠቅልላ በስምንት ሰዓቱ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ወለተሐና በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች። የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ነበር፦ «የዚህን ታሪክ ዘር ለሰጠችኝ ለእትዬ ወለተሐና ወልደኪዳን።» ደስ አላት፤ ዘሩ ምን እንደሆነ ገና አልገባትም። አሥር ገጽ ስታነብ እናት ሞተች። ሃያ ገጽ ላይ ታላቅየዋ ለታናሿ አዲስ ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃላት ላከቻት። ወለተሐና ክው አለች። ቀጥሎ ሰሌዳው መጣ፣ ከላይ ሦስተኛው ስም መጣ፣ ዳገቱ መጣ። ከዚያ ማንበብ አልቻለችም። መኪናዋን ሳትሸፍን ተነሥታ መንገዱን ተሻገረች።

ሰይፈሥላሴ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት በመጡ ሰዎች ተከቦ ነበር። ፊቷን ሲያይ ሰዎቹን አሰናበተ።

«ምን አደረግሁህ?» አለችው።

«እትዬ ወለተሐና፣ የእኅትማማቾቹን ስም እኮ ቀይሬዋለሁ። አገሩንም ጫጫ ከተማ አድርጌዋለሁ።»

«ጫማውንስ?»

«ጫማው ቆንጆ ነበር» አለ ዝቅ ብሎ። «መጣል አቃተኝ።»

«ሳትጠይቀኝ? ስሜንስ መጀመሪያ ገጽ ላይ ማስቀመጥህ?»

«ላከብርሽ ብዬ ነው። ሰው ይወድሻል። ሰው የሚያለቅሰው በአንቺ ታሪክ ነው።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለህ ጽፈህልኛል። ይህን ያለ ሰው አፉን ይዘጋል።»

ልጁ ከልቡ ግራ ገብቶት አያት። «እኔ ቄስ ነኝ እንዴ?» አለ።

ወለተሐና መንገዱን መልሳ ተሻገረች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው፤ ግን መውደቅ እንዲህ እንደሚያቃጥል አላወቀችም። ብትሰድበው ደስ ይላት ነበር። የሚያበሳጨው ነገር ልጁ አለመደንገጡ ነው፤ አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ አንዲት ሴት አጉል አምናው ብቻ ነው።

ለበሰለች ስልክ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ደግማ ደወለች፣ የለም። እኅቷ ከብት ማስገባት አለባት፣ እራት መሥራት አለባት፣ ዛሬ አታነብም እያለች ራሷን አጽናናች። በማግስቱ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ አንኮበር ሄደች። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይዘንብ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ሄደች፤ መጽሐፉን ሳታነበው ከእጇ እቀበላታለሁ፣ ሌላ እሰጥሻለሁ እላታለሁ ብላ ወሰነች።

በሰለች ደጃፏ ላይ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትባዝታለች። መጽሐፉ ከጎኗ፣ መደቡ ላይ ተደፍቷል።

«ጨረስሽው?» አለች ወለተሐና፣ ሰላም ሳትላት።

«ጨረስኩት። ሃያ አምስተኛዬ ነው።»

ወለተሐና ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት። ዝናብ ውስጥ እንደቆመች ንዴቷን ዘረገፈችው። «እታለም፣ ልጁ ከዳኝ። አምኜ ደብተሬን ብሰጠው ሸጠኝ። ሆዴን ገልጬ ባሳየው ለአገር በተነው። ስሜን ጠርቶ፣ ባደባባይ…»

በሰለች እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«አንቺስ፣ ጨረስሽው?»

«አልጨረስኩትም። መሐል ላይ ተውኩት።»

«ልጅቷ ትነግራታለች» አለች በሰለች፣ ጠጉሩን እየባዘተች። «በዚያው ቀን፣ ደቦተኛው ሳይበተን። ዋሽቼሻለሁ ብላ እግሯ ላይ ትወድቃለች። ታላቅየዋ ትመታታለች፤ ከዚያ ያለቅሳሉ። በማግስቱ ሄዳ ትመዘገባለች።» እጇ ቆመ። «እስከዚያ ድረስ እኔና አንቺ ነበርን። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው።»

«ይቅር በይኝ፣ እታለም። ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ ነበርሽ። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እናታችን ሞታ፣ እኔም ልሄድብሽ ነበር።» ቀና ብላ አየቻት። «ግን እኔ በየቅዳሜው አጠገብሽ ስቀመጥ አንቺ የምትነግሪው ባዳ ፈለግሽ። አሁንም የመጣሽው መጽሐፉ ስለቀደመሽ ነው። ባይቀድምሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። በሰለችም አዎን ለመስማት የፈለገች ትመስል ነበር፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ተስፋ ነበረባት።

«አልነግርሽም ነበር» አለች ወለተሐና።

በሰለች ራሷን ነቀነቀች። የባዘተችውን ጠጉር በእቅፏ ሰብስባ ተነሣችና ወደ ቤት ገባች። ዝናቡ ጨምሮ ነበር። ወለተሐና ደጁ ላይ ቆማ ብትጠብቅም፣ ግቢ የሚላት አልነበረም።