የእማማ ኦዜላ ነጭ ቀሚስ

እማማ ኦዜላ ቶሊቨር ሲኒማ ቤት ሲገቡ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስላቸዋል፤ አፋቸውን ይዘው አይቀመጡም። ሰባኪውን «አሜን» እያሉ እንደሚያግዙት ሁሉ፣ ሸራው ላይ ላለውም ሰው ምክርና ተግሣጽ ይሰጣሉ። በዚያ ላይ የሲኒማ ቤቱ ፈንዲሻ ስለማይጥማቸው የተጠበሰ ዶሯቸውን በፎይል ጠቅልለው በቦርሳቸው ይዘው ይገባሉ። ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ወንበር ይይዛል። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ፣ መኪናም ስላለኝ፣ ሁልጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ የማፍረው እኔ ነኝ። ግን ያለ እሳቸው ፊልም ማየት አይሆንልኝም።

ያን ቅዳሜ የሄድነው ስለ እኛው ከተማ ስለ ሞንትጎመሪ የተሠራ ፊልም ልናይ ነበር፤ በአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ዘመን በነጮች ቤት ስለሚሠሩ ጥቁር ሴቶች። የእማማ ኦዜላ ወጣትነት ያለቀው በዚያ ሥራ ነው። ባላቸው ቀድመዋቸው ሲሞቱ ልጃቸውን ቨርዴልን በዚያው ደመወዝ አስተምረዋል። ዛሬ ልብስ ከሱቅ አይገዙም፤ ሁሉንም በእጃቸው ይሰፋሉ። ለምን ሲባሉ «በሰው ልብስ የኖርኩት ይበቃኛል» ይላሉ።

ቨርዴል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እናቷን ምንም አታጎድልባቸውም፤ ሰላም ስትላቸው ግን ሳታቅፋቸው፣ ትከሻቸውን በእጇ ነካ አድርጋ ነው የምታልፈው። ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም።

«የነጭ ልጅ የምታባብል ሞግዚት ለማየት ገንዘብ አልከፍልም» አለች፣ ያን ቅዳሜ አብራን መጥታ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ።

«እኔ እከፍልልሻለሁ» አሉ እማማ ኦዜላ። «ይልቅ ግቢ፣ ዶሮው ይቀዘቅዛል።»

ፊልሙ ውስጥ ሴቶቹ ጥቁር ከኋላ እንዲቀመጥ የሚያስገድደውን አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሲሄዱ፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ሙዚቃው ያላዝናል። እማማ ኦዜላ አልቻሉም።

«ምን ነካቸው፣ ቀብር ነው እንዴ የሚሄዱት? የኛ እግራችን ደከመ እንጂ አፋችን መች አረፈ። የእመቤቶቻችንን ጉድ ስናወራ መንገዱ ሳይታወቀን ነበር የሚያልቀው።»

ከፊታችን የተቀመጡት ሳቁ። ቨርዴልም ፈገግ ስትል አየኋትና ደስ አለኝ።

ከዚያ ያ የማይቀረው ነገር መጣ። ሠራተኛዋ ነጭ የሥራ ቀሚሷን እንደለበሰች የቤቱን ትንሽ ልጅ ደረቷ ላይ አስተኝታ ስታንጎራጉር፣ አዳራሹ ሁሉ አፍንጫውን ይጠርግ ጀመር። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ፊልም ሠራተኛዋን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ያሳቅፋታል፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ካሜራው አይከተላትም።

«ይቺ ሴትዮ የራሷ ልጆች የሏትም እንዴ?» አሉ እማማ ኦዜላ። «እራታቸውን ማን ይሰጣቸዋል?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ቨርዴል ተነሥታ ወጣች።

መኪናው አጠገብ ቆማ አገኘናት። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ከኋላ ወንበር ተናገረች።

«እማዬ፣ የነጮቹን ልጅ እንደዚያ ታቅፊያት ነበር?»

«አቅፋት ነበር። ልጅ ናት፣ እሷ ምን አጠፋች።»

«እኔን ግን ሮጬ ስመጣ በር ላይ ‹አትንኪኝ› ትይኝ ነበር። እጅሽን ዘርግተሽ ትመልሺኝ ነበር። ያለሽን ፍቅር እዚያ ጨርሰሽው የምትመጪ ነበር የሚመስለኝ። በኋላ መሮጡን ተውኩት።»

መኪናውን በራቸው ላይ አቆምኩ፤ ማናችንም አልወረድንም።

«ያ ነጭ ቀሚስ የነሱ ነበር» አሉ እማማ ኦዜላ። «ቀኑን ሙሉ ‹ኦዜላ ነይ፣ ኦዜላ ሂጂ› የተባልኩበት። በሱ አቅፌሽ የነሱ ሠራተኛ እንድታቅፍሽ አልፈለግኩም፤ እናትሽ እንድታቅፍሽ ነበር የፈለግኩት። ጓዳ ገብቼ እስካወልቀው፣ ተጣጥቤ የራሴን እስክለብስ ጠብቂኝ ማለቴ ነበር።»

«እንዲህ ብለሽ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«የገባሽ መስሎኝ። ለብሼ ስመጣ ሁልጊዜ ተኝተሽ ነው የማገኝሽ።»

«ተኝቼ አልነበረም» አለች ቨርዴል።

እማማ ኦዜላ ዞረው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱና ምርኩዛቸውን ለእኔ አስያዙኝ። የለበሱት ባለፈው ፋሲካ የሰፉትን ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። ከደረቱ ላይ የዶሮውን ፍርፋሪ አራገፉ።

«ይሄ የራሴ ነው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ነይ።»

ቨርዴል የመኪናውን በር ሳትዘጋ ወረደች።