የምትመቺ ምሰዪ

ሸዋረጋ ሕሩይ አዲስ አበባ ውስጥ ወሰን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትውልዷ እንጦጦ ማርያም ነው። አባቷ መሪጌታ ሕሩይ ዜማ ሲያስተምሩ እየሰማች ስላደገች፣ ምት የዛነፈ እንደሆነ ጥርሷን የመቷት ያህል ያማታል። ቁጡ ግን አይደለችም፤ ልጆቹ ይወዷታል። ወላጆችም በዓመቱ መዝጊያ የምታቀርበውን የከበሮ ቡድን ለማየት ሲሉ ከሥራ ይቀራሉ።

አምና ሦስተኛ ክፍል ጂቱ የምትባል ልጅ ገባች። ጂቱ ከተወለደች ጀምሮ እጆቿ እንደልብ አይታዘዟትም፤ ስትራመድ ትንገዳገዳለች፣ ቃል ከአፏ እስኪወጣም ጊዜ ይወስድባታል። አእምሮዋ ግን ምላጭ ነው። የከበሮ ቡድን ሲመረጥ ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ናት። ርእሰ መምህሩ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከምንም ነገር እንዳይቀሩ አጥብቀው ስላሳሰቡ ሸዋረጋ እምቢ ማለት አልቻለችም።

በልምምድ ጊዜ ሌሎቹ መትተው ሲጨርሱ የጂቱ እጅ ገና እየወረደ ነው። ሸዋረጋ አንዴ ታገሠች፣ ሁለቴ ታገሠች። የዓመቱ መዝጊያ በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጅቷን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ጂቱዬ፣ ከፊት አስቀምጥሻለሁ። ከበሮውን ግን አትንኪው። የምትመቺ ምሰዪ፣ እሺ? አለዚያ ይበላሽብናል።»

ጂቱ ብዙ ቆይታ «እሺ ቲቸር» አለች።

በዓሉ አማረ። ጂቱ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ እጆቿን ከከበሮው ቆዳ ስንዝር ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው ያዘቻቸው። ለእሷ ይሄ ከመምታት ይከብድ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሸዋረጋ አየች፤ አይታም ዓይኗን ወደ ሌሎቹ መለሰች።

ሲያበቃ የጂቱ እናት ሀዊ፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አትክልት የምትሸጠው፣ እየፈጠነች መጣች።

«ቀረጽኩት ቲቸር። ስልኬ ድምፅ አይዝልኝም እንጂ የእሷን ምት ለይቼ ሰምቼዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ከሰው የቆጠሩልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ምንም አይደል» አለች ሸዋረጋ።

ምስጋናው ክረምቱን ሙሉ ሲጎረብጣት ከረመ። መጀመሪያ የምታስበው ጂቱን ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ከዓመታት በፊት ያስተማረቻቸው ሌሎች ልጆችም መጡባት። በደንብ ስለማይሰማ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አበባ እንዲያጠጣ ታስወጣው የነበረው ኢታና። ጫጫታ ሲበዛ ጆሮዋን ይዛ ስለምታለቅስ ቤተ መጻሕፍት ትልካት የነበረችው ጵርስቅላ። ሁለቱም ዛሬ የት እንደደረሱ አታውቅም። ያኔ ያዘነችላቸው መስሏት ነበር። አሁን ስታስበው ያዘነችው ለዜማው ነው።

ነሐሴ ላይ እንጦጦ ወጥታ ነገሩን ለአባቷ አጫወተቻቸው። መሪጌታ ሕሩይ እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ልጅ ሳለሽ ትንፋሽሽ አጭር ነበር» አሉ። «ዜማ ስንል ከእኔ እኩል አትደርሺም ነበር። እኔ ነበርኩ የምጠብቅሽ።»

ሸዋረጋ የሰማችውን ይዛ ከእንጦጦ ወረደች።

መስከረም እንደጠባ መሪ ሰፈር ሄዳ ሀዊን ከአትክልቷ ፊት አገኘቻትና እውነቱን ነገረቻት። ሀዊ የያዘችውን እስር ጎመን አስቀመጠች።

«ቪዲዮውን ለዘመድ ሁሉ አሳይቻለሁ እኮ» አለች። «ጂቱም አጠገቤ ቁጭ ብላ ታያለች። አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።»

«ይቅር በይኝ።»

«የበደሉት እኔን አይደለም።»

ጂቱ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ሸዋረጋ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ዘንድሮ በእውነት እንድትመታ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀና አላለችም።

«እኔ… አበላሻለሁ።»

ሸዋረጋ ያን ቃል ማን እንዳስተማራት ታውቃለች።

ዘንድሮ ሥራዋን ከሥር ጀመረች። ዘፈኑን በጂቱ እጅ ልክ አዘገየችው፤ መጀመሪያ ጂቱ እንድትመታ፣ ሌሎቹ ጠብቀው እንዲቀበሉ አድርጋ አስተካከለችው። ሔራን የምትባለው ፈጣን መቺ «ቲቸር፣ ይሄማ እንቅልፍ ያመጣል» ብላ አጉረመረመች። ጂቱ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ከበሮው አጠገብ አልደረሰችም። ሸዋረጋ አልለመነቻትም፣ አልገፋቻትም። በየክፍለ ጊዜው ጂቱ የምትመታበት ቦታ ሲደርስ ክፍሉን ሁሉ ዝም አሰኝታ ትጠብቅና ያለሷ ይቀጥላሉ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ጂቱ ተነሥታ ከፊት ተቀመጠች። እጇ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ። ሠላሳ ስምንት ልጆች ተቀበሏት። ፋታ ወስዳ ደገመች። ሔራን ሳታስበው ሳቀች፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም።

ሸዋረጋ ደስታው ሲመጣባት ጸጸቱም አብሮ መጣ። የሚያስፈልገው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ኖሯል።

በሳምንቱ ሀዊ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ልምምዱ አላለቀም ነበር። መስኮቱ ጋ ቆማ እስከ መጨረሻው ተመለከተች። ልጆቹ ሲበተኑ ወደ ሸዋረጋ ቀረበች።

«ዛሬስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ሀዊ ጥቂት አየቻትና የልጇን ቦርሳ አንሥታ፣ ጂቱን ደግፋ፣ ወደ ታክሲው ሄደች።