የተቀበረው በሶ

ጋሸና ላይ የላሊበላ መኪና ስጠብቅ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን የወጣ የአይጥ ሽንት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ አክስቴን በልቤ አመሰገንኳት።

ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር ላሊበላ ከአሸተን ማርያም ሥር ስንኖር ነው። ክረምት ስለነበር ጎተራው ባዶ ነው፤ የቀረን አንድ ስልቻ በሶ ብቻ። ከአረም ርቦኝ ስገባ አይጥ ስልቻውን በስታ በሶው ላይ ሸንታበታለች።

«ላዩን ጠርገን እንብላው» አልኳት እያለቀስኩ።

«ዝም በይ!» አለች አክስቴ። «የአይጥ በሽታ ላይ ላዩን አይቀመጥም። እናትሽን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን ከምቀብር በሶውን ብቀብር ይሻለኛል።»

ዶሮ እንኳ እንዳይቀምሰው ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው።

ያን በሶ ብበላው ያሳምመኝ ነበር ወይ፣ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ጉድጓድ ስትቆፍር እሷም ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ነው።