የልጄን ልብ ያየሁበት ቀን

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ዛሬ ዝም ብዬ ብቀመጥ ይከብደኛል። ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ልናገር ነው የቆምኩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ እጠግናለሁ። ባለቤቴ አስቴር እዚህ ስታመልክ እኔ አድርሻት እመለስ ነበር። "ግባ እንጂ" ስትለኝ፣ "ለእኔም አንቺው ጸልዪልኝ" እላታለሁ። ጸሎት የእሷ፣ ሥራ የእኔ ድርሻ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ልጃችን ሶስና ታመመች። ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ወባ ነው ተባለ፤ አይደለም። ቶንሲል ነው ብለው መድኃኒት ሰጡን፤ አልሠራም። ዓይኗ ደም መሰለ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ሆስፒታል ስንወስዳት አንዲት የልጆች ሐኪም እጇንና እግሯን አገላብጣ አየችና፣ "ካዋሳኪ የሚባል በሽታ ይመስለኛል፤ የደም ሥር ያስቆጣል። ልቧን በአልትራሳውንድ ማየት አለብን" አለች።

"ዶክተር፣ የያዛት ትኩሳት ነው፤ ልብን ምን አገባው?" አልኳት።

"አደጋው ያለው እዚያ ነው" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ! ክፍሉን አጨለሙት። ስክሪኑ ላይ የልጄ ልብ ታየኝ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። እሷ ተኝታለች፣ እሱ ይሠራል! ስንት ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን አይቼ አላውቅም። ሃሌሉያ!

"ይህቺን ቀጭን ቧንቧ ያዩዋታል?" አለች ሐኪሟ። "ልብን ራሱን የምትመግበው እሷ ናት። እዚህ ጋ ሰፍታለች፤ ደም ሊረጋባት ይችላል።"

አስቴርን "ጸልዪ" ልላት ነበር፤ ግን የራሴ አፍ ተከፈተ። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ልብ የሠራኸው አንተ ነህ። እኔ መፍታትም መግጠምም አልችልም። ልጄንም እኔንም በእጅህ ያዘን" አልኩ። እዚያው ጌታን ተቀበልኩ። አሜን በሉ!

ሐኪሟ ያዘዘችው መድኃኒት ከአዲስ አበባ መጣ፤ በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። በሚቀጥለው ምርመራ ግን ቧንቧዋ እንደሰፋች ነበረች፤ ደም እንዳይረጋባት በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ታዘዘላት። አንድ ዘመዳችን፣ "ከተጸለየላት በኋላ ኪኒን ምን ያደርጋል? እምነት አነሳችሁ" አለን። አስቴር ግን፣ "ሐኪሟንም የሰጠን ጌታ ነው። ኪኒኑም አይቋረጥ፣ ጸሎቱም አይቋረጥ" አለች። ጌታ ይባርካት!

ያችን ሐኪም አድንቄ አልጠግብም። በሄድን ቁጥር ሳትቸኩል ትለካለች፣ ካለፈው ምስል ጋር ታስተያያለች፣ ሶስናን እያጫወተች ታስቃታለች። አንድ ቀን ግን ደጋግማ ለካች። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ወደ ልኳ ተመልሳለች። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ ቧንቧ ናት" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ክብር ለእግዚአብሔር!

ሶስና ያችውላችሁ፣ ከሚዘምሩት ልጆች ጋር ቆማለች። ክትትሉ አላለቀም፤ ሲጠሩን እንሄዳለን። ወገኖቼ፣ የልጃችሁ ትኩሳት አልለቅ ካለ አትዘግዩ፤ እየጸለያችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ገና በጌታ ያልታመናችሁም ዛሬ ታመኑበት። እኔን አልጣለኝም፤ እናንተንም አይጥላችሁም።