ወደ ጉድጓድ የወረደችው ዶሮ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «አቶ ቆይ» ነው የሚለው። የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር «ቆይ» ሳይል የጀመረው ሥራ አላየሁም። ሞተር ሊፈታ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ»፤ የተባይ መድኃኒት ሊረጭ ሲል «ቆይ፣ ነፋሱ ወዴት ነው?» ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔ ባል እንቁላል ግን ገና ከተጣለበት አልተነሳም እያልኩ ጎረቤት አስቅበታለሁ።

የጉድጓዱን ነገርማ ተዉት! ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በየአንድ ክንድ ርቀቱ የተቋጠረ ገመድ ይዞ ይወጣል። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሮ እስከ ታች ይለቅና ስንት ቋጠሮ እንደረጠበ ይቆጥራል። ስድስት ከረጠበ በቀን ሁለት ሰዓት ውሃ እንስባለን፣ አራት ከሆነ አንድ ሰዓት። ከዚያ ካነሰ ሞተሩን ቤት ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከማሳችን በላይ ያለውን ዳገት ደግሞ አግድም ቦይ በቦይ አድርጎታል፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው ቁልቁል ሳይሮጥ እዚያው ቆሞ ይሰርጋል። «ውሃውንም ቆይ አልከው?» ብዬዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ማሳው ከኛ አጥር ቀጥሎ ነው፤ ጠባዩ ግን የተገላቢጦሽ። እሱ ገና ሳያስበው ጨርሶታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ማሳውን ሙሉ ቲማቲም ተከለና ሞተሩን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸው ጀመር። በዚያ ምርት የሚያፈሰውን የቤቱን ጣሪያ ሊቀይር ነበር ሐሳቡ። በጋው ሲጠነክር የሱ ጉድጓድ ውሃ ሸሸ፤ ቱቦው አልደርስ አለ። ቲማቲሙ ደግሞ ፍሬ መያዝ የጀመረበት ሰዓት፣ ቅጠሉ ጥቅልል ብሎ ሲያዩት ያሳዝናል።

ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሞተሩን በገመድ አስሮ ጉድጓዱ ውስጥ አወረደውና መሃል ላይ ባጋደመው ጣውላ ላይ አስቀመጠው። እኛ ዘንድ ውሃ ሲሸሽ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። አስነስቶት በመሰላል ወጣ። ውሃው ሲመጣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግማሽ ሰዓት እንደሠራ ግን ሞተሩ ቀጥ አለ።

«እታለም፣ ወርጄ ላስነሳው፤ ገመዱን ያዢልኝ» አለኝ ወገቡ ላይ እያሰረ። እኔስ፣ እኔ ሞኟ! ሌላውን ጫፍ እጄ ላይ ጠምጥሜ «ቶሎ በል፣ ያ ቆይ ሳይመጣብህ» አልኩት። በገዛ አፌ!

አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ ሲያሳርፍ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ባሌ እየሮጠ ነው። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ለሰርጋችን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። የሽንኩርት መደባችንን ረጋግጦ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ደረሰና ወንድሜን ከወገቡ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። ሁለቱም መሬት ላይ ተዘረሩ።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? ቲማቲሜ እየሞተብኝ ነው!»

«ይሙታ!» አለ ባሌ እያለከለከ። «የሞተሩ ጭስ እኮ አልወጣም፣ ከነመርዙ እዚያው ታች ነው ያለው። ሥራ ያስተማረኝን ሰውዬ የበላው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው።»

«የምን ጭስ? አይታይ፣ አይሸት!» አልኩ እኔ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«ቆይ» አለና ሄዶ ቀዮን፣ ከዶሮዎቼ ሁሉ እንቁላል በመጣል የሚስተካከላት የሌላትን፣ ቅርጫት ውስጥ አስሮ ይዟት መጣ። «ዶሮዬን እንዳትነካ!» ብል ማን ሰምቶኝ? በገመድ አወረዳት። መጀመሪያ ስታስካካ ይሰማን ነበር፤ ከዚያ ዝም አለች። ሲያወጣት አንገቷ በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል።

እጄ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ አየሁት። ሌላው ጫፍ አሁንም የወንድሜ ወገብ ላይ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው እኮ! እዚያው ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቀዮን ነፋስ ላይ አስቀመጥናት። ብዙ ቆይታ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ኋላም ተነስታ እንደ ሰካራም ሦስት እርምጃ ሄደችና ወደቀች፤ ደግሞ ተነሳች። ወንድሜ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀበት።

«እያስካካች ብትወጣም አላስገባህም ነበር» አለው ባሌ። «ዶሮዋን ያወረድኳት ላንተ ብዬ አይደለም፣ ለእህትህ ነው። እሷ በዓይኗ ካላየች መቼ ታምናለች?»

እውነቱን ነው!

ሞተሩን ከላይ ሆነን ጎትተን አወጣነው። ለቲማቲሙ ደግሞ ባሌ በአጥሩ ላይ ቱቦ አሻግሮ ከኛ ጉድጓድ ውሃ ሰጠው፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ሥር ሥሩን ብቻ። እርጥበቱ እንዳይተን መሬቱን በገለባ አለበሱት። ግማሹ ቲማቲም ተረፈ። ጣሪያው ለዚያ ዓመት በጥገና አለፈ። የኛ ሽንኩርት ግን ውሃውን ስለተካፈለ አውራ ጣቴን አክሎ ቀረ፤ ስልጠው ግማሹ እንባ የሽንኩርቱ፣ ግማሹ የንዴቴ ነበር።

ክረምት ሳይገባ ወንድሜ ዳገቱን ቦይ በቦይ አደረገው። ባሌን ለምኖ የራሱን ገመድም አስቋጠረ። ዘንድሮ አምስት ቋጠሮ ሲረጥብለት እየዘለለ መጥቶ ነው የነገረኝ፤ የሁለት ልጆች አባት መሆኑንም ረስቶት።

ቀዮ አሁን አርጅታለች። እንቁላል መጣል ካቆመች ከራርማለች፤ እህል ሲበተን ግን ቀዳሚዋ እሷ ናት። ባለፈው እሑድ እንግዳ ሊመጣብኝ ሆነና ቢላዋ ስዬ ክንፏን ያዝኩ። ለካ ወንድሜ ከማዶ ሆኖ ያየኛል! አጥሩን ዘሎ፣ እጁን እያወናጨፈ መጣ።

«እታለም፣ ቆዪ! ቆዪ!»

ባሌ በረንዳው ላይ ሞተር እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ አየን፤ ሳቁን መደበቅ አልቻለም። እኔም ክንፏን ለቀቅሁ። እንግዶቹም የወንድሜን ቲማቲም በልተው ሄዱ።